አንዲት ቀን ለስሜን

ዛሬ ረዘም ትላለች፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ባለፈው ሳምንት ዳባት ያስተማርኳት አንዲት ልጅ ከአሜሪካ መልእክት ላከችልኝ። ስሟን እንዳልጠራ አስጠንቅቃኛለች። ከ14 ዓመት በኋላ ባሏንና ሁለት ልጆቿን ይዛ እናቷን ልትጠይቅ ነው። ዘመድ ጥየቃው፣ ያልተደረሰው ለቅሶ፣ የእናቷ ዝክር ሁሉ ተቆጥሮ ለስሜን የተረፈችው አንዲት ቀን ብቻ ናት። "ቲቸር፣ ይቺን ቀን ምን እናድርግባት?" ትላለች።

ባልየው ዝርዝር አውጥቷል። ጠዋት ሊማሊሞ፣ ቀጥሎ ሳንቃበር፣ ቀጥሎ ጅንባር ፏፏቴ፣ ከዚያ ዋልያ ፍለጋ ጨነቅ፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ ደረስጌ ማርያም። ማታ ጎንደር ገብቶ ማደር። ልጆቹ ደግሞ ጭላዳ በስልክ አይተው "እኛ እነሱ ጋ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን መዋል ነው የምንፈልገው" ብለዋል። አምና በመርከብ የካሪቢያንን ደሴቶች ሲዞሩም ያው ጭቅጭቅ ነበር አሉ። መርከቡ ወደብ ላይ የሚቆመው ለጥቂት ሰዓት ነው። ግማሹ ሰው የድሮውን ከተማና ምሽጉን ሊያይ በአውቶቡስ ይሮጣል፤ ግማሹ ባሕር ዳር አሸዋው ላይ ተኝቶ ይውላል። ማታ ሲገናኙ ሁለቱም ወገን አንድ ነገር የቀረበት ይመስለዋል።

"መቼም እርስዎ የታሪክ መምህር ነዎትና ከባሌ ጋር ነው የሚቆሙት" ብላ ቀለደችብኝ።

አልቆምኩም። እኔ ከልጆቹ ጋር ነኝ። ስለ ደከመኝ ወይም ስላረጀሁ እንዳይመስላችሁ፤ ምክንያቴ ራሱ ታሪክ ነው።

ደባርቅ ከጥንትም የመንገደኛ አገር ናት። ከምጽዋ ተነስቶ በትግራይ በኩል ወደ ጎንደር የሚወርድ ነጋዴ ሊማሊሞን መውጣት ነበረበት። አቀበቱን ጨርሶ አናቱ ላይ ሲደርስ ጎንደር ከፊቱ ናት፤ ስሜን ደግሞ በግራው፣ በምሥራቅ በኩል ተዘርግቷል። እዚያች ቦታ ላይ ሁሉም መንገደኛ የሚጠይቀው ጥያቄ የተማሪዬ ጥያቄ ነው፦ ልለፍ ወይስ ልቁም?

ካለፉት ሰዎች ሁሉ ስመ ጥሩ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1769 ምጽዋ ወረደ፤ ሊማሊሞን ወጥቶ በ1770 መጀመሪያ ላይ ጎንደር ገባ። ልቡ ዓባይ ምንጭ ላይ ስለነበረ ስሜንን ከግርጌው አይቶ አለፈ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1790፣ ጉዞውን በአምስት ቅጽ ሲያሳትም በስሜን ተራራ ላይ በረዶ አላየሁም ብሎ ጻፈ።

አሁን ይህን አስተውሉ። ከብሩስ በፊት ከ1,200 ዓመት በላይ ቀድሞ፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አዱሊስ ላይ የአንድ የአክሱም ንጉሥ የግሪክ ጽሑፍ ገልብጦ ነበር። ንጉሡ ያስገበራቸውን አገሮች ሲዘረዝር የስሜንን ሰዎችም ይጠራል፤ ተራራቸው ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንዳለበትም ይናገራል። ስሜንና በረዶ አብረው የተጻፉት ያኔ ነው።

ታዲያ ብሩስ ዋሸ? አልዋሸም። እውነቱን ነው፤ አላየም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በስሜን በረዶ ማየቱን ጽፏል፤ ብሩስ ለምን እንዳላየም አስረድቷል። ብሩስ ከተራራው ግርጌ አልፎ አልወጣም ነበር። ነገሩ ይኸው ነው። ያላየውን "አላየሁም" ማለት ችግር የለውም፤ አንባቢው ግን "የለም" ብሎ ይወስደዋል። ባለ ዝርዝር ጎብኚ ላይ የምፈራው ይህንን ነው። ሳንቃበር 20 ደቂቃ ይቆምና ቤቱ ሲመለስ "ስሜንን አየሁ፣ ዋልያ የሚባል ነገር የለም" ይላል።

ነገር ግን ብሩስ ሊማሊሞ ላይ አንድ ጊዜ ቁጭ ብሏል፤ ከዚያ ስፍራ የቀረልን ምርጥ ታሪኩም የዚያች ቁጭታ ነው። አሽከሮቹ አቀበቱን ወጥተው ደክሟቸው፣ የተቀቀለ የፍየል ሥጋ ከፊታቸው አቅርበው ሲያርፉ አንድ ትልቅ አሞራ መጣ። ብሩስ "ንስር" ብሎ ጽፎታል፤ እኛ ገደል አፋፍ ላይ ሲያንዣብብ የምናየው፣ አጥንት ከላይ ጥሎ የሚሰብረው ጢማሙ አሞራ ነው። ሰዎቹን ከምንም ሳይቆጥር እግሩን ድስቱ ውስጥ ሰደደ፤ ሲያቃጥለው ተወና ከወጣው ሥጋ ላይ ነጥቆ ሄደ። ተመልሶ ሲመጣ ብሩስ በጠመንጃ ጣለው፤ መጠኑንም ለካው። ምስኪን አሞራ! የሚገርመኝ ግን ይህ ነው፦ ብሩስ አሞራውን ፍለጋ አልሄደም፤ ምሳ ላይ በተቀመጡ ጊዜ አሞራው ራሱ መጣላቸው።

ሌላው የፍራንክፈርቱ ሰው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 ወደ ጎንደር ሲሄድ በግርጌው አልዞረም፤ ተከዜን ተሻግሮ በስሜን መሃል ነው ያቋረጠው። እንስሳት አጥኚ ስለነበረ ይቆማል፣ ይሰበስባል፣ ይጠይቃል። ዋልያንና ጭላዳን በ1835 ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው እሱ ነው። የሁለቱም የሳይንስ ስም ውስጥ "ዋልያ" እና "ጭላዳ" የሚለው የእኛው ቃል እስከ ዛሬ አለ። የስሜን እረኛ ዋልያን ያውቀው የነበረው ሩፔል ከመወለዱ በፊት ነው፤ ሩፔል ግን ቢያንስ ስሙን ከእኛ አፍ ወስዶ ጻፈ። በሩጫ ያለፈ ሰው ስም አይጠይቅም።

በኋላ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሊማሊሞን መንገድ ጠመዝማዛ አድርጎ ቆረጠው። ጦሩም አናቱ ላይ መሽጎ በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ እስኪማረክ፣ እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.) መስከረም ድረስ ቆየ። መንገዱ ግን ቀረልን። ብሩስን በእግርና በበቅሎ ያለፋው አቀበት ዛሬ በመኪና የሰዓታት ነገር ነው። መንገድ በረከት ነው፤ አንድ ፈተና ግን ይዞ መጥቷል፦ አምስት ቦታ በአንድ ቀን ማየት የሚቻል ያስመስላል።

በዚህ ፈተና የወደቅኩት ደግሞ እኔው ነኝ፤ አንዳንዶቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አንድ ጊዜ ተማሪዎች በጭነት መኪና ጭነን፣ እኔ ሰዓቴን እያየሁ፣ "ውረዱ! ተመልከቱ! ውጡ!" እያልኩ ከቦታ ቦታ ሳሯሩጣችሁ ዋልን። በማግስቱ ጽሑፍ አስጻፍኩ። ሁሉም "ስሜን እጅግ ውብ ነው፤ ልንጠብቀው ይገባል" ይላል፤ አንዱ ከአንዱ የተገለበጠ ይመስል ነበር። አንድ ልጅ ብቻ የተለየ ጻፈ። እግሩን ወለም ብሎት ከስካውቱ ጋር ሳንቃበር ትተነው ነበር፤ ተቀምጦ እያለቀሰ ነበር የተውነው። ጭላዳ ቀኑን ሙሉ ሣር እየነጨ እንደሚውል፣ ማታ ከአውሬ ለማምለጥ ገደሉን ወርዶ ጠባቧ እርከን ላይ እንደሚተኛ፣ ልጅ ያዘለችው እናት እንዴት እንደምትወርድ ጻፈ። ስካውቱ ያጫወተውንም ጨመረበት። ከ10 ሰጠሁት። መስጠት የነበረብኝ ግን ይቅርታ ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ መልሴ ይኸው።

ደረስጌን ከዝርዝሩ አውጪ። ደጃዝማች ውቤ ራሳቸው ሊነግሡባት ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ ኃይሉ ውቤን ድል ነሥተው ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡባት ናት። ከቧሂት ወዲያ፣ ጃናሞራ ናት። "ጊዜ ከተረፈ" ተብሎ የሚኬድባት ቦታ አይደለችም፤ ለብቻዋ ጉዞ ይገባታል።

ለዚህች ቀን አንድ ቦታ ብቻ ምረጪ። መጀመሪያ የመንገዱን ሁኔታ ከአገሬው ጠይቁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከዳባት ተነሱ። ደባርቅ፣ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከፍላችሁ ስካውት ያዙ፤ አስጎብኚም ጨምሩ። "እኛ የአገር ልጆች ነን፣ ምን ያደርግልናል?" እንዳትሉ። ኮሮና መጣ፣ ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ በነሐሴ 2013 መጨረሻ ጭና ላይ የሆነውን እናንተ ታውቁታላችሁ። እንግዳ ሲጠፋ የተራበው ስካውቱ፣ አስጎብኚው፣ ባለ በቅሎው ነው። የእናንተ የአንድ ቀን ክፍያ ለነሱ ጤፍ ነው።

ሳንቃበር ስትደርሱ ጋቢ አንጥፉ፣ ቆሎና ዳቦ አውጡ፣ ተቀመጡ። ጭላዳዎቹ ከመጡ መጡ። ልጆቹ ይጠይቁ፤ ስካውቱ ይመልስ። ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም ተመለሱና ደባርቅ ላይ ቡና ጠጡ። ከግጭ የተነሱ ሰዎች ካገኛችሁ ደግሞ አጫውቷቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 በላይ አባወራ ከፓርኩ ውስጥ ወደ ደባርቅ ወረደ። በዓመቱ ዩኔስኮ ፓርኩን ከ1996 ጀምሮ ካሰፈረበት የአደጋ መዝገብ አወጣው። ልጆችሽ "ያ ሁሉ ሣር የማን ነበር?" ብለው ከጠየቁ መልሱ ያለው ሳንቃበር ሳይሆን ደባርቅ ቡና ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መልእክትሽ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ "እማዬም ለካ ስሜንን ቀርባ አይታው አታውቅም" ብለሻል። ዕድሜዋን በሙሉ ከዳባት ሆና ስታየው የኖረችውን ተራራ! ባልሽን ይህን ንገሪው። አምስት ቦታ የሚሮጥ መኪና ውስጥ እናትሽ ቦታ የላትም፤ ጉልበቷም አይችልም። ጋቢ ላይ መቀመጥ ግን ትችላለች። ቀስ ብላችሁ ውሰዷት፤ ብርዱ ኃይለኛ ነውና ደራርባ ትልበስ።

ባልሽ ቅር ካለው "ሌላው ለከርሞ ይቆየን" በይው። ለከርሞ መምጫ ምክንያት ይሆናችኋል።

ስትመጡ ቤቴን ታውቂዋለሽ።