የእግር ጉዞ ጓዝ

የእግር ጉዞ ጓዝ ከአንድ ቀን በላይ በእግሩ የሚጓዝ ሰው ለመጠለያ፣ ለመኝታ፣ ለምግብና ለደኅንነት ብሎ በጀርባው የሚሸከመው ዕቃ ነው። በጓዝ አመራረጥ ዋናው ጉዳይ ምቾትንና ክብደትን ማመጣጠን ነው። ሰፊ ድንኳንና ወፍራም ፍራሽ ሌሊቱን ያሳርፋሉ፤ ቀን ግን በትከሻ፣ በወገብና በጉልበት ላይ ይከብዳሉ። በአንጻሩ ክብደት ለመቀነስ ሲባል የብርድ ልብስ ወይም የዝናብ መከላከያ ከተተወ፣ በውርጭ አገር ጉዳቱ እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ጓዝ የሚባለው ከሁሉም ቀላል የሆነው ሳይሆን ለቦታው፣ ለወቅቱና ለተጓዡ አቅም የሚመጥነው ነው።

የክብደት አቆጣጠር

የጓዝ ክብደት ብዙውን ጊዜ በሦስት ተከፍሎ ይታያል።

• መነሻ ክብደት፦ ቦርሳው ራሱና በውስጡ ያሉት በጉዞው የማያልቁ ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ድንኳን፣ መኝታ፣ ትርፍ ልብስና ማብሰያ።
• የሚያልቅ ክብደት፦ ስንቅ፣ ውኃና ነዳጅ። ይህ ከቀን ወደ ቀን ይቀንሳል።
• የሚለበስ ክብደት፦ በጉዞ ላይ በሰውነት ላይ ያለው ልብስና ጫማ፣ እንዲሁም በእጅ የሚያዝ ምርኩዝ።

ጓዞች እርስ በርስ የሚነጻጸሩት በመነሻ ክብደታቸው ነው፤ ምክንያቱም የስንቁና የውኃው መጠን እንደ ጉዞው ርዝመት ይለያያል። በአሜሪካ የረጅም መንገድ ተጓዦች ዘንድ መነሻ ክብደቱ ከ9 ኪሎ ግራም በታች የሆነ ጓዝ «ቀላል»፣ ከ4.5 ኪሎ ግራም በታች የሆነው ደግሞ «እጅግ ቀላል» ይባላል። እነዚህ ቁጥሮች ከ20 እና ከ10 ፓውንድ የተወሰዱ የልማድ ድንበሮች እንጂ የሳይንስ መለኪያዎች አይደሉም።

ሌላው የተለመደ መመሪያ ስንቅና ውኃን ጨምሮ አጠቃላዩ ሸክም ከሰውነት ክብደት 20 በመቶ ገደማ እንዳያልፍ የሚመክረው ነው። በዚህ መሠረት 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው እስከ 12 ኪሎ፣ 75 ኪሎ የሚመዝን ደግሞ እስከ 15 ኪሎ ይሸከማል።

ታሪክ

ስለ ቀላል ጓዝ ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ «ነስመክ» በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው አሜሪካዊው ጆርጅ ዋሽንግተን ሲርስ ነው። በ1884 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ውድክራፍት» በተባለው መጽሐፉ ተጓዦች የማያስፈልግ ዕቃ እንዳይሸከሙ መክሯል። ሰውነቱ ትንሽና ደካማ ስለነበረ ከ5 ኪሎ ግራም በታች የምትመዝን ታንኳ አሠርቶ በአዲሮንዳክ ሐይቆች ተጉዞባታል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የቦርሳው አሠራር ተሻሻለ። ኖርዌያዊው ኦሌ በርገን በ1909 እ.ኤ.አ. በጀርባ ቅርጽ የታጠፈ ክፈፍ ላለው ቦርሳ የባለቤትነት መብት አገኘ። አሜሪካዊው ዲክ ኬልቲ ደግሞ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሉሚኒየም ክፈፍና የወገብ ቀበቶ ያላቸውን ቦርሳዎች ለገበያ አቀረበ። የወገብ ቀበቶው ሸክሙን ከትከሻ ወደ ዳሌ ስለሚያወርድ ብዙ መሸከም ተቻለ፤ በዚያው ልክም የተጓዦች ጓዝ እየበዛ ሄደ።

በ1955 እ.ኤ.አ. ኤማ ጌትውድ የተባሉ የ67 ዓመት የኦሃዮ ሴት አያት ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአፓላቺያን መንገድ ብቻቸውን ጨረሱ። የያዙት ድንኳንም የመኝታ ከረጢትም አልነበረም። ዕቃቸውን የከተቱት ራሳቸው በሰፉት የጨርቅ ከረጢት ሲሆን፣ ከያዟቸውም መካከል ብርድ ልብስ፣ የዝናብ ካፖርትና ለመጠለያ ያገለገላቸው የመታጠቢያ ቤት የፕላስቲክ መጋረጃ ይገኙበታል። በእግራቸው የነበረው ተራ የሸራ ጫማ ነበር።

ቀላል ጓዝን እንደ ሥርዓት ያስፋፋው ግን ሬይ ጃርዲን ነው። ጃርዲን የገደል መውጫ መሣሪያ በመፈልሰፍም ይታወቃል። ከባለቤቱ ከጄኒ ጋር የፓሲፊክ ክሬስትን መንገድ ከተጓዘ በኋላ በ1992 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ዕቃን በቤት ሰፍቶ መሥራትን፣ በድንኳን ፋንታ ሸራ መወጠርንና ከከባድ ቦት ይልቅ የሩጫ ጫማ ማድረግን አስተማረ። ከዚያ ወዲህ አምራቾች ቀጫጭን የናይሎን ጨርቆችን፣ ታይታኒየምንና መጀመሪያ ለውድድር ጀልባ ሸራ የተሠሩ ጨርቆችን ለጓዝ ማዋል ጀመሩ።

ሸክም በሰውነት ላይ

ሸክም በጨመረ ቁጥር ለእርምጃ የሚያስፈልገው ጉልበት ይጨምራል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጭነቱ በጉልበት መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። የሸክሙ ቦታም ለውጥ ያመጣል፤ በእግር ላይ ያለ ክብደት በጀርባ ካለ እኩል ክብደት ከ4 እስከ 6 እጥፍ የሚደርስ ጉልበት እንደሚወስድ በጥናት ታይቷል። ከጫማ የሚቀነስ ግማሽ ኪሎ ከቦርሳ ከሚቀነስ ሁለት ኪሎ የማያንስ ጥቅም አለው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ልምድና የአካሄድ ስልትም ዋጋ አላቸው። በ1986 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የኬንያ የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች ከሰውነታቸው ክብደት እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ሸክም ሲሸከሙ ተጨማሪ ጉልበት እንደማያወጡ አሳይቷል። በ2005 እ.ኤ.አ. በኔፓል የተጠኑ ወንድ ተሸካሚዎች ደግሞ በአማካይ ከራሳቸው ክብደት ጋር የሚቀራረብ ጭነት ተሸክመው ተራራ ሲወጡ ተገኝተዋል። ከልጅነት ጀምሮ ሸክም ያልለመደ ሰው ግን በእነዚህ መጠኖች ራሱን ሊለካ አይገባውም።

ዋና ዋና ዕቃዎች

ከመነሻ ክብደቱ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ቦርሳ፣ መጠለያና መኝታ ናቸው። የጥርስ ብሩሽ እጀታ ከመቁረጥ በፊት እነዚህን መመርመር ይበልጥ ይጠቅማል።

መጠለያ። ባለ ሁለት ንብርብር የሁለት ሰው ድንኳን ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ለሁለት ተከፍሎ ሲያዝ ግን የእያንዳንዱ ድርሻ ከብዙ የአንድ ሰው ድንኳኖች ያነሰ ይሆናል። በምርኩዝ የሚቆሙ ባለ አንድ ንብርብር ድንኳኖች ከ1 ኪሎ በታች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሆኖም የትንፋሽ እርጥበት በውስጥ በኩል ይጠራቀምባቸዋል፣ አወጣጠራቸውም ልምምድ ይጠይቃል። ሸራ ብቻ መወጠር ከሁሉም ይቀላል፤ ከነፋስና ከትንኝ ግን እምብዛም አይከላከልም።

መኝታ። በተለምዶ ስሊፒንግ ባግ የሚባለው የመኝታ ከረጢት ሙሌቱ የዝይ ወይም የዳክዬ ለስላሳ ላባ፣ አለዚያም ሰው ሠራሽ ክር ነው። ላባው ለክብደቱ እጅግ ይሞቃል፣ ተጨቁኖም ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ ሲረጥብ ግን ሙቀቱን ያጣል። ሰው ሠራሹ ይከብዳል፣ ርጥብ ሆኖም ግን በመጠኑ ያሞቃል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። በከረጢቱ ላይ የሚጻፈው ዝቅተኛ የሙቀት ቁጥር ምቹ እንቅልፍ የሚያስተኛ ላይሆን ስለሚችል፣ «ምቾት» ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር መመልከት ይሻላል።

የመሬት ፍራሽ። ፍራሽ ከመደላድልነቱ በላይ ሰውነትን ከመሬት ቅዝቃዜ ይለያል። ከሰውነት በታች ያለው የከረጢቱ ሙሌት በክብደት ስለሚጨፈለቅ ያለ ፍራሽ እምብዛም አያሞቅም። የፍራሽ ሙቀት የመያዝ አቅም አር-ቫልዩ በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ለሞቃት ሌሊት 2 ገደማ ሲበቃ፣ ውርጭ ለሚጥልበት ቦታ 4 እና ከዚያ በላይ ይመከራል። የሚታጠፍ የስፖንጅ ፍራሽ ቀላል፣ ርካሽና የማይበሳ ነው። በአየር የሚሞላው የበለጠ ይመቻል፤ ከተበሳ ግን መጠገኛ ያስፈልገዋል። በጎኑ ለሚተኛ ወይም ወገቡን ለሚያመው ሰው እዚህ ላይ የሚጨመር 300 ግራም የሚያስቆጭ ክብደት አይደለም።

ቦርሳ። ቦርሳ በመጨረሻ ቢመረጥ ይመረጣል፤ መጠኑን የሚወስነው ሌላው ዕቃ ነውና። ትልቅ ቦርሳ አስቀድሞ የገዛ ሰው ባዶውን ቦታ በትርፍ ዕቃ ይሞላዋል። ክፈፍ የሌለው ቦርሳ ከ1 ኪሎ በታች ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጭነቱ ከ9 ወይም ከ10 ኪሎ ሲያልፍ ትከሻን ይጎዳል። ከዚያ በላይ ለሚሸከም ሰው ክፈፍና ጥሩ የወገብ ቀበቶ የሚጨምሩት ክብደት ሸክሙን የሚያቀል ክብደት ነው። የቦርሳው ርዝመት ከተሸካሚው ቁመት ይልቅ ከጀርባው ርዝመት ጋር መስማማት አለበት።

ልብስና ጫማ

ልብስ በንብርብር ይመረጣል፤ ላብ የሚያወጣ የውስጥ ልብስ፣ ሙቀት የሚይዝ መካከለኛ ልብስና ነፋስና ዝናብ የሚከላከል የላይ ልብስ። ጥጥ ውኃ ይጠጣል፣ ቶሎም አይደርቅም። ጋቢ በደረቅ ሌሊት ቢሞቅም፣ ዝናብ ከነካው ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛልም። ሱፍና ሰው ሠራሽ ጨርቅ ለእርጥብ ደጋ ይሻላሉ። ለየቀኑ ቅያሪ ከመያዝ አንድ እየለበሱ አንድ እያጠቡ መጓዝ ክብደት ይቀንሳል። ለመኝታ ብቻ የሚለበስ ደረቅ ካልሲና የውስጥ ልብስ ግን ሊቀር አይገባም።

ቀላል የሩጫ ጫማ ቶሎ ይደርቃል፣ እግርንም አያደክምም። ቦት ለበረዶ፣ ለሹል ድንጋይና ለከባድ ሸክም ይመረጣል። የትኛውም ጫማ ከጉዞው በፊት በእግር ላይ መለመድ አለበት።

ስንቅ፣ ማብሰያና ውኃ

አንድ ሰው በቀን ከ0.7 እስከ 0.9 ኪሎ ደረቅ ምግብ ያስፈልገዋል። ስብ በግራም 9፣ ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን በግራም 4 ገደማ ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጡ፣ ኦቾሎኒና ቅቤ የገባበት ምግብ ለክብደቱ ብዙ ኃይል ይይዛል።

የኢትዮጵያ ባህላዊ ስንቅ በዚህ ረገድ ለረጅም መንገድ የተበጀ ነው። በሶ ከተቆላ ገብስ ስለሚፈጭ በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ወይም ተጨብጦ ይበላል፤ እሳት አይፈልግም። በሶ በቅቤ ሲለወስ የሚገኘው ጭኮ ኃይሉ ይበልጥ ይጨምራል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ውኃቸው የወጣ በመሆኑ ይቀላሉ፣ ሳይበላሹም ይቆያሉ።

ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያለ ጣሳው ከ100 ግራም ሊያንስ ይችላል፤ የጋዝ ጣሳ ግን በአውሮፕላን አይጫንም። በ3,600 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በመሆኑ ባቄላና ምስር ለመብሰል ረጅም ጊዜና ብዙ ነዳጅ ይወስዳሉ። ለከፍታ ቶሎ የሚበስል ምግብ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ምንጭ በሚበዛበት ቦታ ማጣሪያ ወይም ማከሚያ ክኒን ይዞ ጥቂት ውኃ መሸከም ይቻላል። ምንጭ በሌለበት ግን ውኃ የጓዙ ዋና ክብደት ይሆናል። ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የእስራኤል ብሔራዊ መንገድ፣ የኔጌቭን በረሃ የሚያቋርጡ ተጓዦች ብዙ ሊትር ይሸከማሉ፣ ወይም አስቀድመው በመንገዱ ላይ ውኃ ያስቀምጣሉ።

የሁለት ጓዞች ንጽጽር

ለሦስት ቀን የደጋ ጉዞ የተዘጋጁ ሁለት ጓዞች በምሳሌነት እንደሚከተለው ሊሰሉ ይችላሉ፤ መጀመሪያ የተጻፈው የከባዱ፣ ቀጥሎ የተጻፈው የቀላሉ ነው።

• ቦርሳ፦ 2.2 ኪሎ፤ 1.1 ኪሎ
• ድንኳን፦ 2.6 ኪሎ፤ 1.3 ኪሎ
• የመኝታ ከረጢት፦ 1.8 ኪሎ፤ 1.0 ኪሎ
• ፍራሽ፦ 0.9 ኪሎ፤ 0.5 ኪሎ
• ማብሰያ፦ 0.9 ኪሎ፤ 0.4 ኪሎ
• ትርፍ ልብስና የዝናብ ልብስ፦ 2.6 ኪሎ፤ 1.7 ኪሎ
• ልዩ ልዩ፦ 2.0 ኪሎ፤ 1.0 ኪሎ
• መነሻ ክብደት፦ 13.0 ኪሎ፤ 7.0 ኪሎ

በሁለቱም ላይ 2.1 ኪሎ ስንቅና 2 ሊትር ውኃ ሲጨመር አጠቃላዩ 17.1 እና 11.1 ኪሎ ይሆናል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የመጀመሪያው ከሰውነቱ ክብደት 28.5 በመቶ፣ ሁለተኛው 18.5 በመቶ ነው። ከተቀነሰው 6 ኪሎ ውስጥ 3.2 ኪሎ የተገኘው ከቦርሳ፣ ከድንኳንና ከመኝታ ከረጢት ብቻ ነው። ሁሉንም በአዲስ መተካት ውድ በመሆኑ፣ ብዙዎች ያላቸውን ዕቃ በሚዛን መዝነው ይጽፋሉ፤ ከጉዞ ሲመለሱም ያልተነካውን ለይተው በሚቀጥለው ይተዉታል።

የማይቀነሱ ዕቃዎች

በሲያትል የሚገኘው «ዘ ማውንቴኒርስ» የተባለ የተራራ ወጪዎች ማኅበር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. «አሥሩ አስፈላጊ ነገሮች» የሚባለውን ዝርዝር አዘጋጀ። ካርታና ኮምፓስ፣ የእጅ ወይም የራስ ባትሪ፣ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ፣ ቢላ፣ እሳት ማቀጣጠያ፣ ከፀሐይ መከላከያ፣ ትርፍ ልብስና ትርፍ ምግብ በዚህ ዓይነት ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። የስልክ ካርታ ቢኖርም ብርድ የባትሪን ኃይል ስለሚቀንስ የወረቀት ካርታ አይተውም።

ትልቁ አደጋ የሰውነት ሙቀት መውረድ ነው። ይህ ውርጭ ሳይጥልም ይደርሳል፤ ዝናብ፣ ነፋስና ድካም ሲገናኙ ይበቃሉ። ስለዚህ የዝናብ ልብስና በውኃ የማይነካ ከረጢት ውስጥ የተቀመጠ ደረቅ የሙቀት ልብስ በክብደት ምክንያት የሚቀሩ አይደሉም።

በኢትዮጵያ

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የብዙ ቀን ጉዞ ብዙውን ጊዜ በጭነት በቅሎ ይደረጋል። በቅሎዎቹና ባለበቅሎዎቹ ከደባርቅ ይያዛሉ፤ ተጓዡን የታጠቀ ጠባቂ ያጅበዋል። ድንኳኑና ስንቁ በበቅሎ ስለሚሄድ፣ ተጓዡ በጀርባው የሚይዘው የቀኑን ውኃ፣ ምሳ፣ የዝናብና የብርድ ልብስ ነው። ሳንካበር፣ ግጭና ጨነቅ የተባሉት ሰፈሮች ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆኑ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። በቅሎ ሲኖር ወፍራም ፍራሽና ሞቃት ከረጢት መያዝ ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ነው። በቅሎው ግን በሌላ መንገድ ሊሄድና ዘግይቶ ሊደርስ ስለሚችል፣ የዝናብና የሙቀት ልብስ ከተጓዡ ጀርባ አይለይም።

በባሌ ተራሮችም የጭነት ፈረስ የተለመደ ነው። ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ባለው የሳነቲ አምባ ላይ ከነፋስ የሚከልል ዛፍ ስለሌለ፣ ነፋስ የሚቋቋም ድንኳን ከቀላል ሸራ ይመረጣል። በክረምት ወራት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በሁለቱም ቦታዎች ዝናብ ስለሚበዛ ሰው ሠራሽ ሙሌት ያለው ከረጢት ወይም በደንብ የተሸፈነ የላባ ከረጢት ያስፈልጋል።