የኮንቴይነሩ ሰነድ፦ ምናባዊ ማሽኖችን በራሳቸው የሚዘረጉ መሣሪያዎች ታሪክና የኢሉባቦር ከተሞች

«ኮንቴይነር» የሚለው ቃል ወደ ኮምፒዩተር ሙያ የገባው ከወደብ ነው። በኢሉባቦር ግን ጭነት የማጓጓዝ ሥራ ከብረቱ ሳጥን በፊት የራሱ ታሪክ ነበረው። በ1902 እ.ኤ.አ. በተደረገው ስምምነት መሠረት በባሮ ዳር ለእንግሊዞች የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ ወዲህ፣ የጎሬ ነጋዴዎች ቡናቸውን በበቅሎና በሸክም ቁልቁለቱን አውርደው ወደ ጋምቤላ ያደርሱ፣ በክረምት ወንዙ ሲሞላም በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይልኩት ነበር። በየመሸጋገሪያው ጆንያው ይራገፋል፤ እንደገናም ይጫናል። አሜሪካዊው ማልኮም ማክሊን በ1956 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን ሳጥኖች በመርከብ ሲያስጭን ሊያስቀር የፈለገው ይህን የመሰለውን ድካም ነው። የሳጥኑ ውጪ አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ የሚያነሣው ክሬን ውስጡን ማወቅ አያስፈልገውም። ውስጡን የሚናገረው አብሮት የሚጓዘው ሰነድ ነው።

በኮምፒዩተርም አሳቡ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የአይ ቢ ኤም የካምብሪጅ ባለሙያዎች ሲፒ-40 የተባለውን ሥርዓት ሲሠሩ፣ እጅግ ውድ የነበረውን አንድ ማሽን፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ለብቻው እንደያዘው አድርገው ለብዙዎች ማካፈል ቻሉ። ከዚህ ዘር የወጣው ቪኤም/370 በ1972 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ። ኮንቴይነር ከዚህ የቀለለ ነው፤ የራሱ ከርነል የለውም፣ የአስተናጋጁን ይጋራል። መነሻው በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኒክስ ሰባተኛ እትም ውስጥ የገባው ቻሩት የተባለ የሥርዓት ጥሪ ሲሆን፣ በሰፊው የታወቀው ግን ዶከር በ1913 ሳይሆን ገና በትናንቱ ዘመን፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ከወጣ በኋላ ነው።

ማሽኑን ማባዛት ሲቀል፣ በእጅ ማደራጀቱ ከባድ ሆነ። ማርክ በርጀስ በኦስሎ በ1993 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሲኤፍኢንጂን፣ ቀጥሎም ቬግራንት (2010)፣ አንሲብል (2012) እና ቴራፎርም (2014) የመጡት ለዚህ ነው። አብዛኞቹ የሚመሩበት አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ባለሙያው የሚፈለገውን ሁኔታ በጽሑፍ ያሰፍራል፣ መሣሪያው ያለውን ከሚፈለገው ጋር አስተያይቶ የጎደለውን ይሞላል። ከዚህ የተነሣ «ጽሑፉ ራሱ ሰነድ ነው፣ ሌላ መግለጫ አያሻውም» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ይህ ጸሐፊ በዚህ አይስማማም። ጽሑፉ ምን እንደተደረገ ይናገራል፤ ለምን እንደተደረገ፣ ሲበላሽ ከየት እንደሚጀመር ግን አይናገርም።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪሎች ሲመጡ ነገሩ ጠበቀ። ወኪል ራሱ የጻፈውን ፕሮግራም ራሱ ያስኬዳል። ከርነል በሚጋራ ኮንቴይነር ውስጥ ቢሳሳት ወይም በሚያነበው ገጽ በተሸሸገ ቃል ቢታለል፣ ጉዳቱ ወደ አስተናጋጁ ሊሻገር ይችላል። ስለዚህም አማዞን በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገውን ፋየርክራከርን የመሰሉ፣ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ተነሥተው ሥራው ሲያልቅ የሚጠፉ ትንንሽ ምናባዊ ማሽኖች ተመራጭ ሆኑ። ደግሞም ወኪሉ መመሪያችንን ያነባል። ሰው ቢሆን «ይህ መስመር አርጅቷል» ብሎ የሚያልፈውን፣ ወኪል እንዳለ ሊፈጽመው ይችላል። ስለሆነም ወኪሉ የትኛውን አድራሻ ማግኘት እንደሚፈቀድለት፣ ማሽኑ ማን ሲያዝ እንደሚፈርስ በግልጽ መጻፍ አለበት። የይለፍ ቃል ግን በምንም ምክንያት በሰነዱ ውስጥ አይገባም።

ይህ ሁሉ ለመቱ ምኗ ነው? ከአዲስ አበባ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኝ ከተማ፣ አንድ ባለሙያ ሲዛወር የሚተካው ሰው በማግስቱ አይገኝም። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመውን የመቱ ዩኒቨርሲቲንም ሆነ የጎሬንና የበደሌን መሥሪያ ቤቶች ብናስብ፣ በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ ያለ አሠራር ከሰውየው ጋር መኪና ተሳፍሮ ይሄዳል። ሁለተኛው ችግር መስመሩ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጅቷል። ምስሉን ከባሕር ማዶ ማከማቻ የሚስብ የመዘርጊያ ጽሑፍ በዚያን ጊዜ ከወረቀት አይሻልም። መስመሩ ቢኖርም እንኳ፣ የእትሙን ቁጥር ሳይጠቅስ «የመጨረሻውን አምጣ» የሚል ትእዛዝ ዛሬና ከስድስት ወር በኋላ የሚያመጣው ነገር አንድ አይደለም።

የአካባቢው ሰው ለዚህ የሚሆን ምሳሌ በቅርቡ አለው። በ1982 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሶር ኃይል ማመንጫ 5 ሜጋ ዋት ብቻ ቢሆንም፣ ከአገሪቱ ዋና መስመር ተለይቶ ለመቱና ለአካባቢዋ ብርሃን ሲሰጥ ኖሯል። የኮንቴይነር ምስሎችም በአንድ የአካባቢ ማከማቻ፣ በእትም ቁጥራቸውና በአሻራቸው ተመዝግበው ቢቀመጡ፣ ዘርጊው መሣሪያ ውጪውን ሳይጠይቅ ሥራውን ይቀጥላል። የሚያስፈልገው አንድ መጠነኛ ሰርቨርና መዝገቡን የሚይዝ ሰው ነው፤ ሁለተኛውን ማግኘት ከመጀመሪያው ይከብዳል።

የቋንቋው ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ትእዛዞቹ በእንግሊዝኛ መጻፋቸው አይቀርም። ምክንያቱን ግን በዞኑ የሥራ ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ፣ ወይም በአማርኛ፣ ከትእዛዙ ጎን ማስፈር ይቻላል፤ የኢትዮጵያ ፊደልም ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ «ማሽኑ አይቀበለውም» የሚለው ምክንያት ካበቃ ቆይቷል።