ታጥቦ የሚጻፍበት ሎህ

ከጋይንት ወይም ከስማዳ ተነስቶ ዒልም ፍለጋ ወደ ወሎ የሚሻገር ደረሳ ከፊቱ የበሽሎ ወንዝ አለ። ከወልድያ ወረታ የሚዘልቀውን መንገድ ቻይናውያን ሳይሠሩት በፊት ጉዞው በእግር ነበር። ክረምት ከሆነ ደግሞ ውኃው እስኪጎድል መጠበቅ ግድ ነው።

ይህን ሁሉ መከራ ለምን ተቀበሉት? በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ በአብዛኛው ርስት ስለማይፈቀድለት በንግድና በሽመና ይተዳደር ነበር። በ1870 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሙ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲያዙም ብዙ ዑለማ አገር ጥለው ተሰደዱ። እንዲህ ላለ ሕዝብ ማንም የማይነጥቀው ሀብት በደረቱ የያዘው ዒልም ብቻ ነበር።

ወደ ደረት የሚገባውም በሎህ በኩል ነው። ሎህ ከእንጨት የተጠረበ ሰሌዳ ነው፤ ከጥላሸት በተዘጋጀ ቀለም ይጻፍበታል። ልጁ የተጻፈለትን እየደጋገመ ይቀራል፣ ከዚያም ኡስታዙ ፊት ቀርቦ ያሰማል። ከተሳሳተ ይመለሳል። በቃሉ ሲወጣው ሎሁ ይታጠብና አዲስ ይጻፍለታል። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ሎሁ የሚታጠበው ጽሑፉ ልጁ ልብ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። በእጃችን ያለው የስልክ መስታወት ግን ገባም አልገባም በጣት ይጠረጋል፣ ሌላ ይመጣል፣ ያም ይጠረጋል። ማታ ልጃችሁን ዛሬ ምን አየህ ብላችሁ ብትጠይቁት መልስ የሚያጣው ለዚህ ይመስለኛል።

ስልክ ሐራም ነው እያልኩ አይደለም። ቁርኣን የሚደመጥበት፣ ደርስ የሚተላለፍበትም እሱው ነው። ደግሞም ጥፋቱን ሁሉ በልጆች ላይ መጫን ያሳፍራል። ያ ደረሳ ሐሳቡን መሰብሰብ የቻለው በራሱ ብርታት ብቻ አልነበረም፤ ፊቱ ተቀምጦ እያንዳንዷን ፊደል የሚያዳምጥ ሰው ስለነበረው ጭምር ነው። ዛሬ ልጁ ሱራ ይዞ ሲመጣ አባት «በርታ፣ ቀጥል» ይላል፤ ዓይኑ ግን ከቲክቶክ አይነሳም። ልጁ አንድ አንቀጽ ቢዘልም የሚያውቅበት የለም። እናትም ከዚህ ነፃ አይደለችም።

በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ጉዳቱ ቀላል አልነበረም፤ ዐረብ አገር ያለች ልጁን በኢሞ ያገኝ የነበረ ቤተሰብ ያውቀዋል። ያም ሆኖ ስንቶቻችን ነን በዚያ ዝምታ ወደ ቁርኣኑ የተመለስን? ብዙዎቻችን ስልኩ ላይ የተጫነውን አሮጌ ቪዲዮ ደጋግመን አይተናል። ስለዚህ መስመር መቋረጡ ብቻውን ልብን አይሰበስብም፤ አስቦ የሚቀመጥ አድማጭ ያስፈልጋል።

ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ሎህ ባይኖርም ልጁ ዛሬ የቀራትን አንቀጽ ይዞ ከፊታችሁ ይቀመጥ። ስልኩ ሌላ ክፍል ይዋል፤ የደወለ ሰው ካለ ዒሻን ሰግዳችሁ መልሳችሁ ትደውሉለታላችሁ።