ኮንትሮል የዋጣት ፊደል

ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብላችሁ እየጻፋችሁ ነው እንበል። ሁሉም ፊደል ይሠራል፤ አንዷ ብቻ እምቢ አለች። ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ ምንም የለም። ደግማችሁ ትጫናላችሁ፣ አሁንም ምንም። ኪቦርዱ ተበላሽቶ ነው እንዳትሉ፣ ሌላ ፕሮግራም ስትከፍቱ ያቺው ፊደል በደንብ ትጻፋለች።

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ሚዲየም በተባለው የጽሑፍ ድረ ገጽ ላይ በፖላንድኛ መጻፍ የጀመረ ሰው አንዲት ፊደል ብቻ አልወጣ አለችው፤ ኤስ ሆና አናቷ ላይ ጭረት ያለባት ፊደል። ድምጿ ለስለስ ያለ «ሽ» ነው። ረቡዕ በፖላንድኛ «ሽሮዳ» ይባላል፤ የሚጀምረውም በእሷ ነው። (ረቡዕ ጾም አይደል? ሽሮን አስባችሁ ያዙት፣ አትረሱትም።) ሰውየው ችግሩን ለድረ ገጹ አሳወቀ። እዚያ ይሠራ የነበረው ትውልደ ፖላንዳዊው ዲዛይነር ማርቺን ቪሃሪም ምክንያቱን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2015 ታሪኩን ጻፈው።

ምክንያቱ ምን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ? የአንድ ሰው ስሕተት ብቻ አልነበረም። የብዙ ዓመታት ውሳኔዎች አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ነው ፊደሏን የዋጧት። እስቲ ከታችኛው እንጀምር።

የመጀመሪያው ራሱ ኮንትሮል የሚባለው ቁልፍ ነው። ስክሪን ከመለመዱ በፊት ብዙ ሰው ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረው ቴሌታይፕ በሚባል፣ የጽሕፈት መኪና በሚመስል ማሽን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ውስጥ አስኪ የተባለ ሠንጠረዥ ወጣ። ሥራው ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ አኃዝና ምልክት ቁጥር መስጠት ነው፤ ያለው ቦታ ግን 128 ብቻ። ለምሳሌ ትልቋ ጂ ቁጥሯ 71 ነው። ኮንትሮልን ይዛችሁ ጂን ስትጫኑ ከ71 ላይ 64 ይቀነስና 7 ይሆናል። 7 ደግሞ ፊደል ሳይሆን «ደወሉን ምታ» የሚል ትእዛዝ ነው። ማሽኑ ይደውላል! አያችሁ፣ የኮንትሮል አቋራጭ ገና ከጅምሩ ከእንግሊዝኛ ፊደል ላይ የሚሠራ የመቀነስ ሒሳብ ነበር። የፖላንድ ጭረት ያለባት ፊደልም፣ የእኛ «ሰ»ም ሠንጠረዡ ውስጥ ቁጥር አልነበራቸውም።

ሁለተኛው እጃችን የለመደው ነገር ነው። ዛሬ የምናውቀውን ቆርጦ መለጠፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል የሠሩት ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት ናቸው። ቆየት ብሎ አፕል ኮምፒውተሮቹ ላይ ለመመለስ ዜድን፣ ለመቁረጥ ኤክስን፣ ለመቅዳት ሲን፣ ለመለጠፍ ቪን መደበ። አራቱ ቁልፎች ጎን ለጎን ናቸው፤ በግራ እጅ ይደረስባቸዋል። ግን ይህ የሚሆነው በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ላይ ነው። በጀርመኑ ኪቦርድ ዜድና ዋይ ቦታ ተለዋውጠዋል። ስለዚህ ዜድ ከጎረቤቶቿ ተለይታ ወደ ላይ ወጥታለች፤ ያ ምቾት እዚያ ሲደርስ ፈረሰ ማለት ነው።

ሦስተኛው ፖላንድ ውስጥ የሆነው ነው። ፖላንድኛ እንግሊዝኛ የሌሉት 9 ፊደላት አሉት። የድሮው የፖላንድ የጽሕፈት መኪና ለእነሱ ቁልፍ ነበረው። ኮምፒውተር ሲመጣ ግን የአሜሪካው ኪቦርድ አብሮ መጣ፤ ትርፍ ቁልፍ የለውም። ታዲያ ምን ተደረገ? በስተቀኝ ያለውን አልት ይዞ ተራውን ፊደል መጫን። አልትና ኤ፣ አልትና ኤል፣ አልትና ኤስ። ዜድ ሁለት ዘመዶች ስላሏት አንዷ ጎረቤት ኤክስ ቤት ገባች። ይህ አደራደር «የፕሮግራመሮች ኪቦርድ» ይባላል፤ የተለመደውም እሱ ሆነ።

አሁን አንድ ችግር አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ኮምፒውተር 83 ቁልፎች ነበሩት፤ አልት ግን አንድ ብቻ። የቀኝ አልት የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ዊንዶውስ መላ አበጀ፤ ኮንትሮልና አልት አንድ ላይ ሲጫኑ እንደ ቀኙ አልት ይቆጠሩ አለ። ጥሩ መላ ነው። ግን ነገሩ ወደ ኋላም ይሠራል። ፖላንዳዊው የቀኙን አልት ሲጫን ፕሮግራሙ የሚያየው «ኮንትሮልም አልትም ተጭነዋል» የሚል ነው። የማይክሮሶፍቱ መሐንዲስ ሬይመንድ ቼን እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለቱን አጣምራችሁ አቋራጭ አትሥሩ ብሎ የጻፈው በዚህ የተነሳ ነው።

አራተኛው ድረ ገጹ ነው። ጽሑፉን ራሱ ስለሚያስቀምጥ ኮንትሮልና ኤስ መጫን አያስፈልግም። ሰው ግን ለምዶታልና ይጫናል፤ ያኔ ብራውዘሩ «ገጹን የት ላስቀምጥልህ?» እያለ ያስቸግራል። ፕሮግራመሮቹ ይህን ለማስቀረት ኮንትሮልና ኤስ ሲመጡ ዝም ብሎ እንዲዋጥ አደረጉ። አልት አብሮ መኖሩን ግን አላጣሩም። በቃ! «ሽሮዳ» ያለ «ሽ» ቀረ። ሌሎቹ 8 ፊደላት እንዲህ ያለ እገዳ ስላልነበረባቸው ተረፉ።

ልብ በሉ፣ አራቱም ውሳኔዎች ለየብቻ ሲታዩ ምክንያታዊ ናቸው። ማንም ፖላንድኛን ለመጉዳት አልተነሳም። ግን እየአንዳንዱ ውሳኔ ሲወሰን «በሌላ ቋንቋ የሚጽፈውስ?» የሚል ጥያቄ ሳይነሳ ቀረ፤ ዋጋውን የከፈለውም ያልታሰበበት ሰው ነው።

ይህ እኛንም ይመለከተናል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ብዙዎቻችን አሁንም «ስ»ን የምንጽፈው በእንግሊዝኛው ኤስ ቁልፍ ነው። ታዲያ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ሁለት ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ይችላል፤ «የትኛው ፊደል ተጻፈ?» ወይም «የትኛው ቦታ ያለ ቁልፍ ተነካ?» የመጀመሪያውን ብቻ ከጠየቀ ሩሲያዊው ይቸገራል፤ በእሱ ኪቦርድ የኤስ ቁልፍ የምትጽፈው ከእኛ «እ» ጋር የምትቀራረብ አናባቢ ነዋ። ሁለተኛውን ብቻ ከጠየቀ ደግሞ ፈረንሳዊው ይቸገራል፤ የእሱ ዜድ ያለችው ሌላ ቦታ ነው። ጥሩ ፕሮግራመር ሁለቱንም ያስባል።

እስቲ ዛሬ ሞክሩት። ኪቦርዳችሁን ወደ አማርኛ ቀይሩና በምትወዱት ድረ ገጽ ላይ አቋራጮቹን አንድ በአንድ ተጫኑ። የማይሠራ ካገኛችሁ «የኔ ኪቦርድ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ለሠሪዎቹ ጻፉላቸው። የፖላንዷ ፊደል የተመለሰችው አንድ ሰው ዝም ስላላለ ነው።