«ሬትሱ»፦ ተርታን፣ ሰልፍንና ዓምድን የሚገልጸው የጃፓንኛ ቃል

በአማርኛ «መስመር» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም አለበት። በደብተር ላይ የተሰመረውም፣ የባቡር ሐዲዱም፣ በማሳ ላይ በተርታ የተዘራው ሰብልም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ጃፓንኛ ግን እነዚህን ለያይቶ ይሰይማቸዋል። ስለሆነም መካከለኛ ደረጃ ላይ የደረሰ ተማሪ «ሬትሱ» የተሰኘውን ቃል «መስመር» ብሎ ብቻ ከያዘው መሳሳቱ አይቀርም።

ሬትሱ ሰዎች ወይም ነገሮች ሲደረደሩ የሚሠሩት ተርታ ነው። የተሰመረ መስመር «ሴን»፣ የጽሑፍ መስመር ደግሞ «ግዮ» ይባላል። «ኢቺሬትሱ ኒ ናራንዴ ኩዳሳይ» የተባለ መንገደኛ፣ በአንድ ሰልፍ እንዲቆም መጠየቁ ነው። ባቡር ራሱ «ሬሻ» ይባላል፤ የተቀጣጠሉ ፉርጎዎች ተርታ ነውና ስሙ በዚሁ የሬትሱ ምልክት ይጻፋል። አገሪቱም በደሴቶቿ ሰንሰለት የተነሣ «ኒሆን ሬቶ» ትባላለች።

ግዮና ሬትሱ ሲጣመሩ «ግዮሬትሱ» ይሆናሉ። ይህ ቃል ለአማርኛ ተናጋሪ ቅርብ ነው፤ እንደ «ሰልፍ» ሁሉ ወረፋንም የክብር ጉዞንም ይይዛልና። በምግብ ቤት ደጃፍ ተራ የሚጠብቁ ደንበኞች ግዮሬትሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1635 በሕግ በጸናው ሥርዓት መሠረት በየጊዜው ወደ ኤዶ፣ ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ፣ ይመላለሱ የነበሩት መሳፍንት ከነአጀባቸው የሚጓዙበት ሰልፍም «ዳይምዮ ግዮሬትሱ» ይባላል። የሒሳብ ሊቃውንት ደግሞ ማትሪክስን በዚሁ ስም ይጠሩታል።

አስቸጋሪው የአቅጣጫ ጉዳይ ነው። በኮምፒዩተር ሠንጠረዥ ላይ አግድሙ ግዮ፣ ቁልቁል የሚወርደው ዓምድ ሬትሱ ነው። በቲያትር ቤት ግን ሬትሱ ጎን ለጎን የተደረደሩ ወንበሮች ረድፍ ነው። ግራ መጋባት በሚያሰጋበት ቦታ ጃፓናውያን «ታቴ» (ቁልቁል) ወይም «ዮኮ» (አግድም) የሚል ቃል ያክሉበታል። ተማሪም ይህንኑ ልማድ ቢከተል ይበጀዋል።

ግዮ ለፊደል ገበታም ያገለግላል። «ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ» የሚለው ተርታ «ካግዮ» ይባላል፤ በእኛ ገበታ ከ«ከ» እስከ «ኮ» እንደሚዘለቀው ማለት ነው። ልዩነቱ የእነርሱ አምስት፣ የእኛ ሰባት መሆኑ ነው።

በሩዝ ማሳ ላይ ደግሞ ሌላ ቃል ይመጣል። የችግኝ መትከያ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ስንት ተርታ እንደሚተክል የሚቆጠረው በሬትሱ ሳይሆን በ«ጆ» ነው፤ አራት ተርታ የሚተክለው «ዮንጆ» ይባላል።