ቀደምት የሰው መጠለያዎችና የድንጋይ ሐውልቶች

በቅድመ ታሪክ ዘመን ሰዎችና ከእነሱ በፊት የነበሩ ዘመዶቻቸው ያደሩባቸው፣ ከብርድና ከአውሬ የተከለሉባቸው፣ በኋላም ሙታናቸውን ያሰቡባቸው ግንባታዎች የሚጠኑት በአብዛኛው ከድንጋይ፣ ከአጥንትና ከአመድ ቅሪት ነው። እንጨት፣ ቆዳና ሣር ይበሰብሳሉ። በጽሑፎች ውስጥ ዋሻ ጎልቶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዋሻ የወደቀበትን ነገር አቅፎ ያቆያል፣ ሜዳና ወንዝ ዳር ግን በጎርፍና በነፋስ ይጠረጋሉ። አብዛኛው ሰው በዋሻ ይኖር ነበር የሚለው የተለመደ አባባል ከዚህ የተነሣ እንጂ በማስረጃ የተረጋገጠ አይደለም።

የመጀመሪያው መጠለያ ክርክር

በታንዛኒያ ኦልዱቫይ ሸለቆ፣ «ዲኬ» በተባለው ስፍራ፣ ሜሪ ሊኪ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባካሄዱት ቁፋሮ ወደ 4 ሜትር የሚሰፋ ክብ የባዛልት ድንጋዮች ክምር አገኙ። ዕድሜው 1.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ሊኪ ድንጋዮቹ በዙሪያው የተተከሉ ቅርንጫፎችን ለመደገፍ የተቀመጡ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ገመቱ። ይህን ግምት ከተቀበሉት የዓለም ጥንታዊ የሚባለው መጠለያ ይሆናል። ሌሎች ተመራማሪዎች ግን ከሥር ያለውን የባዛልት ወለል የዛፍ ሥር ሰነጣጥቆ ክብ ቅርጽ ሊያስይዘው እንደሚችል ይከራከራሉ።

ተመሳሳይ ክርክር በኢትዮጵያም አለ። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ ዳር የሚገኘውን መልካ ቁንጥሬን እ.ኤ.አ. በ1963 ለሳይንስ ያስተዋወቁት ኔዘርላንዳዊው የውሃ ባለሙያ ጄራርድ ዴከር ናቸው። ከ1965 ጀምሮ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ቁፋሮውን የመሩት ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን፣ ጎምቦሬ በተባለው ክፍል ከ1.5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው ወለል ላይ አንድ ያልተለመደ ነገር አስተዋሉ። በዙሪያው የድንጋይ መሣሪያና የአጥንት ስብርባሪ ተዘርግቶ ሳለ፣ መካከሉ ላይ ወደ 10 ካሬ ሜትር የሚሆን ስፍራ ባዶ ሊባል በሚችል ሁኔታ ይታያል፤ ከአካባቢውም ትንሽ ከፍ ይላል። በጠርዙ በኩል የሚገኙ ትናንሽ የድንጋይ ክቦች ደግሞ ምሰሶ ያስደገፉ ይመስላሉ። ሻቫዮን ይህን የመጠለያ አሻራ አድርገው አቀረቡት። ሐሳቡ እስካሁን አከራካሪ ነው፤ የወንዝ ውሃም ዕቃን ከአንድ ቦታ ጠርጎ በሌላ ቦታ ሊከምር ይችላል። ይሁንና ባዶነት ራሱ ማስረጃ ሊሆን ይችላል የሚለው የሻቫዮን አስተውሎት ግምቱ ቢወድቅ እንኳ ዋጋ አለው።

በፈረንሳይ ኒስ ከተማ፣ ቴራ አማታ ላይ፣ አንሪ ደ ሉምሌ እ.ኤ.አ. በ1966 ከ400,000 ዓመት በፊት ገደማ የቆሙ ሞላላ ጎጆዎችን ከነምሰሶ ጉድጓዳቸውና ከነምድጃቸው እንዳገኙ አስታወቁ። የጎጆዎቹ ሥዕል በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ገብቷል። በኋላ ግን ተመራማሪዋ ፓኦላ ቪላ ከአንድ ድንጋይ የተፈለጡ ስብርባሪዎችን መልሰው ሲገጣጥሙ፣ የሚገጣጠሙት ስብርባሪዎች ከተለያየ የአፈር ንብርብር የተገኙ ሆኑ። ንብርብሩ ከተደበላለቀ፣ አንድ ጊዜ የታደረበት የአንድ ጎጆ ወለል ነው ማለት ያስቸግራል።

የሦስቱም ክርክር ድክመት አንድ ነው፤ ቅርጽን ብቻ ይዞ ሠሪን ለማወቅ መሞከር። በዛምቢያ ካላምቦ ፏፏቴ እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደ ቁፋሮ የተገኘው ማስረጃ ከዚህ የተለየ ነው። ሁለት ግንዶች አንዱ በሌላው ላይ በተቆረጠ ማረፊያ ተጋጥመው ተገኝተዋል፤ የመሣሪያ ጠባሳም ይታይባቸዋል። ዕድሜያቸው ቢያንስ 476,000 ዓመት እንደሆነ በ2023 ታትሟል። እንጨቱ ሊቆይ የቻለው አፈሩ ዘወትር በውሃ የራሰ ስለነበር ነው። ግንዶቹ የመረማመጃ መደብ ይሁኑ የመጠለያ መሠረት አልተለየም፤ እጅ እንደሠራቸው ግን የሚያጠራጥር ነገር የለም። በዚህ መጣጥፍ ከተጠቀሱት ግኝቶች ሁሉ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው ይህ ይመስላል።

በአለት ጥላ ሥር

በባሌ ተራሮች የሚገኘው የፊንጫ ሐበራ የአለት ከለላ ከባሕር ጠለል በላይ 3,469 ሜትር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ጥናት መሠረት ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ በተደጋጋሚ ሰፍረውበታል። በወቅቱ የተራራው አናት በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ነበር። ነዋሪዎቹ ግዙፉን የባሌ ፍልፈል እያደኑ በእሳት ጠብሰው ይበሉ ነበር፤ ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ባልጩት ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ካለው ከፍታ ያመጡ ነበር። ፍልፈሉ ሥጋ፣ የበረዶው ቅላጭ ውሃ፣ ባልጩቱ ስለት ሆኗቸዋል። አየሩ በሳሳበት ደጋ መኖር ዘግይቶ የተለመደ ነው የሚለውን የቀድሞ እምነት ያናወጠው ይህ ስፍራ ነው።

ከድሬዳዋ አጠገብ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1929 የታወቀ ሲሆን፣ በቀይ አፈር ቀለም ቅሪቱ ይጠቀሳል።

የአጥንት ቤቶች

በዩክሬን ሜዥሪች መንደር ከ15,000 ዓመት በፊት ገደማ ከማሞዝ አጥንት የተሠሩ ክብ ቤቶች ተገኝተዋል።

ሐውልቶች

በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ የሚገኘው ገበክሊ ቴፔ ከ11,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አንዳንዶቹ ምሰሶዎቹ 5.5 ሜትር ያህል ይረዝማሉ። ክላውስ ሽሚት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምረው ሲቆፍሩ ማንም የማይኖርበት የአምልኮ ስፍራ አድርገው አይተውት ነበር፤ በኋላ የተገኙ የመኖሪያ ግንባታዎች ይህን አመለካከት አሻሽለውታል።

በቱርካና ሐይቅ ምዕራብ፣ በኬንያ ሎታጋም፣ ከ5,000 እስከ 4,300 ዓመት በፊት በነበረው ጊዜ አርብቶ አደሮች ቢያንስ 580 ሰው የተቀበረበት መካነ መቃብር ሠርተው ዓምዶች አቁመውበታል። ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ ሳይለይ ሁሉም ማለት ይቻላል ጌጥ ይዞ ተቀብሯል። ትልቅ ሐውልት የግድ ትልቅ ገዥ ይፈልጋል የሚለውን ሐሳብ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በምሥራቅ አፍሪካ አይገኝም።

በሐረርጌ ደጋ የሚገኙት የድንጋይ ጠፍጣፋ መቃብሮች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአባ አዛይስና በሻምባር፣ በኋላም በሮዤ ዡሶም ተጠንተዋል። በጌዴኦ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ ላይ የቆሙት ትክል ድንጋዮች ከሺህ ዓመት እምብዛም አይበልጡም ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ግን በዚያው በጌዴኦ ሳካሮ ሶዶ የተባለውን ስፍራ እስከ 1ኛው ክፍለ ዘመን መልሶታል፤ ይህም ከቀድሞው ግምት በአንድ ሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023፣ መልካ ቁንጥሬና ባልጪት በ2024 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍረዋል። ትክል ድንጋዮቹ ዛሬም በእንሰትና በቡና ተክል መካከል ስለሚገኙ፣ ጥበቃቸው በዋናነት በአካባቢው ገበሬዎች እጅ ነው።