ነርቭ ማደንዘዝ፣ ድንዛዜ ማቆየት

ቁርጭምጭሚት በቀዶ ሕክምና ሲጠገን ሕመሙ የሚበረታው በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት ነው። ለዚህም ቋንጃ ላይ፣ ወደ እግር በሚወርደው ትልቅ ነርቭ ዙሪያ፣ እንደ ቡፒቫኬይን ያለ መድኃኒት ይወጋል። ኃይሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይዘልቃል፤ ዴክሳሜታዞን ሲታከልበት ጥቂት ሰዓታት ይጨምራል፤ በቀጭን ቱቦ ሲንጠባጠብ 2 ወይም 3 ቀን ይቆያል። በጥቃቅን የስብ ከረጢቶች ታሽጎ ቀስ በቀስ የሚለቀቀው ዓይነትም በ2023 አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ለቋንጃው ነርቭ ተፈቅዷል። የሚያስቸግረው የዚህ ሕክምና የአማርኛ ስም ነው። “የነርቭ መዘጋት” ብለን ከጀመርን “የነርቭ መዘጋት ሕመም ማስታገሻ ማራዘሚያ” እስከሚል ሰንሰለት እንደርሳለን፤ በዚያ ውስጥ የሚራዘመው ማስታገሻው ይሁን ሕመሙ አይለይም።

በአማርኛ ስለ አካል ሲነገር “ተዘጋ” የበሽታ ቃል ነው፤ የደም ሥር ይዘጋል፣ ሽንት ይዘጋል። ነርቭህ ሊዘጋ ነው የተባለ ታካሚ ሽባነትን ቢፈራ ቋንቋውን በትክክል ሰምቷል ማለት ነው። “እገዳ” ይሻላል የሚል ይኖራል፤ የፍርድ ቤት እግድ ጊዜያዊ እንደሆነ ሁሉ የመድኃኒቱም ሥራ ጊዜያዊ ነውና ክርክሩ ሚዛን አለው። ነገር ግን ቃሉ የቅጣትና የችሎት ጠረን ይዞ አልጋ ድረስ ይመጣል። “ነርቭ”ን በ“ጅማት” እንተካው ማለትም አያዋጣም፤ እግር ውስጥ እውነተኛ ጅማቶች ሞልተዋል፣ እነሱም ይጠገናሉ። “ነርቭ ማደንዘዝ” ግን ከጥርስ ሐኪም ወንበር ጀምሮ ሁሉም የሚያውቀውን “ማደንዘዣ” ይዞ ይመጣል። ማደንዘዝ ሰፊ ነው፣ ሙሉ እንቅልፉንም ይጨምራል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ለዚያ “ሰመመን” አለን፣ “ነርቭ” የሚለው ቃልም ወሰኑን ያበጃል። መድኃኒቱ ስሜትን ብቻ ሳይሆን እንቅስቃሴንም ያዳክማል ለሚልም መልሱ እዚያው ቃሉ ውስጥ አለ፦ እግሬ ደነዘዘ የሚል ሰው አይረግጥበትም። ታካሚው ሊያውቀው የሚገባው ጥንቃቄም ይኸው ነው። የመርፌውም ቦታ “ቋንጃ” የሚል የራሱ ስም እያለው “ፖፕሊቲያል” ማለት አያስፈልግም።

ለማራዘሙ “ማቆየት” እመርጣለሁ። “ማቆያ” ብንል ሰው የሚቆይበትን ቤት ያስታውሳል፤ ስለዚህ “ነፍስ አድን” እንደምንለው “ድንዛዜ አቆይ መድኃኒት” እንበል፤ የሚቆየው ምን እንደሆነ በግልጽ ተቀምጧል። ምርጫውን የሚያጸናልኝ ሕዝቡ ራሱ ማደንዘዣው “ለቀቀኝ” ማለቱ ነው፤ ነርቩ “ተከፈተ” የሚል የለም። ድንዛዜው ሲለቅ በድንገት የሚበረታውን ሕመምም “የመልቀቂያ ሕመም” ብንለው፣ የሚዋጠው ማስታገሻ ለምን ድንዛዜው ሳይለቅ መጀመር እንዳለበት ለታካሚው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገረዋል።